አርባ አንድ ውርወራ ለስድስት ቅርጫት

ማሸነፍ ማንም ይችላል። ጥበብ የሚጠይቀው መሸነፍ ነው፤ ያውም ለአለቃ መሸነፍ። ዝም ብሎ መሸነፍማ ምን ችግር አለው? እኔ ራሴ ከልጅነቴ ጀምሮ በሩጫም በትግልም በካርታም ያለ ማንም እርዳታ ስሸነፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለአለቃ ሲሆን ግን ልክ አለው። አብዝታችሁ ከተሸነፋችሁለት "ይህ ሰው ይንቀኛል" ይላል። አሳንሳችሁ ከተሸነፋችሁለት ደግሞ የሚያሸንፋችሁ ላብ በላብ ሆኖ፣ ተናዶ ነው፤ በማግስቱ ማመልከቻ ይዛችሁ ቢሮው ብትገቡ ከነማመልከቻችሁ ትወጣላችሁ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ የምለው ይገባችኋል። ዳማ ሲጫወት ቆርኪውን አለቃው አፍ ሥር አስጠግቶ፣ ሲበላበት "ውይ! እንዴት አላየኋትም!" ብሎ ጭንቅላቱን የሚይዝ ሠራተኛ የሌለበት መሥሪያ ቤት እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ በተመደብኩበት ሁሉ ያ ሠራተኛ ነበርኩ፤ በሙያዬም አላፍርም።

እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ማለቴ ነው።

ነገሩ የሆነው ጋምቤላ ነው፣ ክልሉ ገና ክልል በሆነ ሰሞን። ያኔ የምንጠራው በቁጥር ነበር፤ ክልል አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለት የተባልነው ተወዳድረን አሥራ ሁለተኛ ወጥተን እንዳልሆነ ለእናቴ ለማስረዳት ሦስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ ያመነችኝ አይመስለኝም። ቢሯችን ሲቋቋም ሁለት ክፍል፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ አንድ ማኅተም፣ ዘበኛውን ጨምሮ ስምንት ሠራተኛና ሰባት ወንበር ነበረው። ወንበሩ ስለማይበቃ ሁልጊዜ አንዳችን መስክ ነን። መስክ የሚባለው ከበሩ ፊት ለፊት ያለው የማንጎ ዛፍ ጥላ ነው።

የቢሮው ኃላፊ አቶ ኡቻን ይባላሉ። የጎግ ልጅ ናቸው፤ ለብዙ ዘመን አስተማሪ ነበሩ፤ ቁመታቸው በሩን ጎንበስ ሳይሉ አያሳልፋቸውም። ጽሑፍ የምትመታልን ኛማል ናት፤ የኢታንግ ተወላጅ፣ የቤተ ክርስቲያኗ ዘማሪ፣ ከሁላችንም በፊት ቢሮ የምትደርስ። እኛ ከደጋ የመጣነው አቶ ኡቻንን "እርስዎ" እያልን ስንሽቆጠቆጥ፣ እሷ "ኡቻን፣ ና ፈርም" ትላቸዋለች። እሳቸውም የእሷን ጥሪ ይሰሙና የእኛን ሽቁጥቁጥ ያስጠብቃሉ።

እኔ አስናቀ እባላለሁ፤ ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ፣ በዕቅድ ባለሙያነት የተመደብኩ። ባለቤቴ ትርንጎ እዚያው ደብረ ብርሃን አስተማሪ ነበረች። ጋምቤላ ስመደብ እርጉዝ ነበረች። ልጃችን ማሕሌት ስትወለድ አልነበርኩም፤ ለክርስትናዋ ደርሼ ጥቂት ቀን ታቅፌያት ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ልጄን የማውቃት በደብዳቤ ነው፤ ያውም ዘግይቶ በሚደርስ ደብዳቤ። "አንድ ጥርስ አበቀለች" የሚለው ሲደርሰኝ ሦስተኛው ወጥቷል። "ዳዴ ማለት ጀመረች" የሚለው ሲደርሰኝ ከዳዴው አልፋ የጎረቤት ድስት ትገለብጣለች። ሰው ልጁን በግልባጭ ያሳድጋል? እኔ ሳሳድግ ነበር። ናፍቆቷ አንዳንድ ቀን ሪፖርት እየጻፍኩ እጄ ላይ ይቆምና ቁጥሩን ያስረሳኛል። ስለዚህ ለራሴ ማልኩ፤ ጥርሱም ይለፈኝ፣ ዳዴውም ይለፈኝ፣ የመጀመሪያ እርምጃዋን ግን በደብዳቤ አልሰማም። ቆሜ አያለሁ።

ዝውውር ጠየቅሁ። የደብረ ብርሃኑ መሥሪያ ቤትም "ሠራተኛውን ለመቀበል ፈቃደኞች ስለሆንን ስምምነታችሁን ግለጹልን" ብሎ ጻፈ። የቀረው አቶ ኡቻን "ተስማምተናል" በምትል ግማሽ ገጽ ላይ እንዲፈርሙ ብቻ ነው።

ይህን ደግሞ ከባድ የሚያደርገው አልነበረም። አቶ ኡቻን ሰኞ ጠዋት "ለፊርማ" የተባለውን አቃፊ ይከፍታሉ፤ ከእኛ ጋር ስለ ባሮ ዓሣ እያወሩ፣ አንድም መስመር ሳያነቡ፣ ከላይ እስከ ታች ፈርመው ይዘጋሉ። ኛማልም ይህንኑ አረጋገጠችልኝ። "ሰኞ እከተዋለሁ" አለችኝ። "ኡቻን አያነብም፣ ይፈርማል። አንተ ምንም አትሥራ። ዝም በል፣ በቃ።"

ምን ዓይነት ምክር ነበር! ብሰማት ኖሮ ይህን ወግ አታነቡም ነበር። ግን ምንም አለመሥራት በዕቅድ ባለሙያ ተፈጥሮ ውስጥ የለም። "ሰውዬው ሰኞ ጠዋት ደስ ብሏቸው ቢገቡ ደግሞ የበለጠ አስተማማኝ ነው" ብዬ አሰብኩ። አቶ ኡቻንን ደስ የሚያሰኛቸው ደግሞ በዚያን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሳህን።

ሳህኑን ያመጣብን ወደ ኢታንግ መንገድ የውኃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር የመጣ አንድ ፈረንጅ ነው። ቀኑን ጉድጓዱ ላይ ይውልና ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ከቢሯችን ጀርባ ባሮ ዳር ብቻውን የፕላስቲክ ሳህን ይወረውራል። ወርውሮ ይከተላታል፤ ደርሶ ያነሳትና እንደገና ይወረውራታል። መጀመሪያ ወባ ጭንቅላቱ ላይ የወጣበት መስሎን አዝነንለት ነበር። ቆይቶ ከጉድጓድ የተረፈ ቧንቧ ስድስት ቦታ ተከለ፤ በየቧንቧው አናት ላይ ሰንሰለት አንጠለጠለ፤ ከሰንሰለቱ ሥር ከገበያ ያመጣውን የዓሣ ቅርጫት አሰረ። ጨዋታው ይኸው ነው። ከተሰመረላችሁ ቦታ ቆማችሁ ትወረውራላችሁ፤ ሳህኗ ካረፈችበት አንስታችሁ ትደግማላችሁ፤ ሰንሰለቱን መትታ ቅርጫቱ ውስጥ እስክትወድቅ። ስድስቱን ቅርጫት በትንሽ ውርወራ የጨረሰ አሸነፈ። ፈረንጁ "ዲስክ ጎልፍ" ይለዋል። ጎልፍ የሚባለውን ያየ ሰው በመካከላችን ስላልነበረ እኛ "ሳህን" አልነው፤ ጨዋታውም አልተቀየመም።

ሜዳው የጀማሪ ሜዳ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ የመከራዬ ምክንያት ነውና። ከመወርወሪያው ቆማችሁ፣ ቅርጫቱ ሥር ያለ ሰው ቢያስነጥስ "ይማርህ" ብላችሁ "ያኑርህ" ሲላችሁ ትሰማላችሁ። ስድስቱንም ለመዞር ሻይ የሚፈላበት ጊዜ ይበቃል። ትንሽ የሚያስፈራው አራተኛው ቅርጫት ነው፤ የተተከለው ባሮ አፋፍ ላይ ነው። ደንቡም "ባሮ የገባ ሳህን የባሮ ነው" ይላል። አዞ ባለበት ውኃ ሳህን ፍለጋ የሚገባ የመንግሥት ሠራተኛ አልነበረንም።

ፈረንጁ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ሳህኖቹንና አንድ ገጽ ደንብ ለአቶ ኡቻን አስረከበ። ደንቡን የተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ በትክክል ነው የተረጎምኩት፣ በዚህ አትጠርጥሩኝ። ከዚያ በኋላ ቢሮው ሌላ ቢሮ ሆነ። ከአንደኛው ቅርጫት እስከ ሦስተኛው ስለ ዕቅድ እንወያያለን፤ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ስለ በጀት። ከቅርጫቱ የራቀ ቀድሞ ይወረውራል የሚለውን ደንብ ግን እኛ ደገኞቹ ልንለምደው አልቻልንም። "እርስዎ ይቅደሙ።" "ኧረ በጭራሽ!" "በሞቴ!" ስንባባል፣ ሻይ በሚፈላበት ጊዜ የሚያልቀው ጨዋታ ጀምበር ታዘቀዝቅበታለች። ሲያልቅም አላለቀም። በዚያ ዘመን ያለ ግምገማ የሚዘጋ ነገር ስላልነበረ፣ ማንጎው ሥር ክብ ሠርተን እንቀመጥና ሂስና ግለ ሂስ እናካሂዳለን። ንብረት ክፍሉ ተነስቶ "ሁለተኛው ቅርጫት ላይ ግለኝነት ታይቶብኛል" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግለኝነቱ በአንድ ጨዋታ ሦስት ጊዜ "እርስዎ ይቅደሙ" ማለት ረስቶ ነው።

እንግዲህ አቶ ኡቻን "ቅዳሜ የቢሮው ሠራተኞች ውድድር ይካሄዳል" ሲሉ፣ እኔ በውስጤ እጆቼን አፋተግሁ። ልኩን አውቄ እሸነፍላቸዋለሁ፤ ሰኞ እየሳቁ ይገባሉ፤ አቃፊውን ይከፍታሉ፤ እኔ ሻንጣዬን።

ቅዳሜ ሰባት ሆነን ተሰለፍን። ኛማል የመዝሙር ልምምድ ስለነበራት አልመጣችም። ይህንንም ልብ በሉልኝ።

በአንደኛው ቅርጫት አምስት ወረወርኩ፣ በሁለተኛው ስድስት። አካሄዴ ያማረ ነበር። አቶ ኡቻን በሦስት በሦስት እየጨረሱ ይፍለቀለቃሉ። ሦስተኛው ላይ "አሁንስ ትንሽ ላብዛው" ብዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሳህኗን ከቅርጫቱ ሌላ አቅጣጫ ወዳለው የኒም ዛፍ ላክኋት። ሳህኗ ኒሙን መታች፣ ነጠረች፣ በአየር ላይ ዞረች፣ ሰንሰለቱን "ሻን!" አድርጋ ቅርጫቱ ውስጥ ተኛች። በአንድ ውርወራ! ፈረንጁ ራሱ እዚያ ቅርጫት ላይ ይህን አድርጎ አያውቅም። ዘበኛው ዘለለ። ንብረት ክፍሉ አቀፈኝ። አቶ ኡቻን "ጎበዝ" አሉ፤ አፋቸው ብቻ ነው ያለው፣ ዓይናቸው አላለም። እኔ በሕይወቴ ሎተሪ ወጥቶልኝ፣ ዕጣ ደርሶኝ አያውቅም፤ ዕድሌ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቆይታ ቆይታ የመጣችው ለዚህች ቅርጫት ነው። የጀማሪ ሜዳ ክፋቱ ይህ ነው፤ ለመሸነፍ የመጣን ሰው አያስጠጋም።

ጉዳቱ መጠገን ነበረበት፤ አራተኛው ቅርጫት ደግሞ ባሮ ዳር ነው። የመጀመሪያዋን ሳህን ባሮ ወሰዳት። ሁለተኛዋንም ወሰዳት። ሦስተኛዋ ውኃው ላይ በጀርባዋ ተንሳፋ፣ ትንሽ ዞር ዞር ብላ፣ ያለ ይለፍ ወረቀት ወደ ሱዳን አቀናች። ያን ቅርጫት በአሥራ አራት ውርወራ ጨረስኩት። አምስተኛውን በስምንት፣ ስድስተኛውን በሰባት። ድምር አርባ አንድ፤ የአቶ ኡቻን አሥራ ዘጠኝ። የተቀሩት አምስቱ በመካከላችን ተደረደሩ። በግምገማው "አስናቀ አራተኛው ቅርጫት ላይ የመንግሥት ንብረት ለባሮ አስረክቧል" ተባልኩ፤ ሂሱን ዋጥኩት። አቶ ኡቻን ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "አይዞህ፣ ትሻሻላለህ" ሲሉኝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ውጤቱን በእጄ ጻፍኩና ሰኞ ኛማል እንድትመታው የጽሕፈት መኪናዋ ላይ አስቀመጥኩላት። ስምና ቁጥር ብቻ። ሌላ ምን ያስፈልጋል?

አሁን አንድ ወር ወደኋላ ልመልሳችሁ ነው፤ ታገሱኝ። ያኔ የወረዳዎችን የችግኝ ተከላ ሪፖርት ስናዘጋጅ ኛማል "የትኛውን ላስቀድም?" እያለች በየቁጥሩ ስትጠይቀኝ ሰልችቶኝ ነበር። በትልቅ ወረቀት ጽፌ ከጽሕፈት መኪናዋ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩላት፦ "ሁልጊዜ ከትልቁ ጀምሪ። ትልቁ አንደኛ፣ ትንሹ መጨረሻ። መጠየቅ አያስፈልግም።" ከሥሩም ፈረምኩበት። ለምን እንደፈረምኩበት እኔንም አትጠይቁኝ፤ የዘመኑ ነገር ነው።

ኛማል ሰኞ ማለዳ ገብታ ሥራዋን በትክክል ሠራች። "የቢሮው ሠራተኞች የስፖርት ውድድር ውጤት። 1ኛ አቶ አስናቀ፣ 41።" ከዚያ አምስቱ በየተራቸው። "7ኛ አቶ ኡቻን፣ 19።" ከታች ደግሞ ግልባጭ፦ ለክልሉ ቢሮዎች በሙሉ፣ ለኢታንግ ወረዳ፣ ለጎግ ወረዳ። አስቸኳይ ነው ብላ ከአቃፊው ሁሉ በላይ አደረገችው። የእኔ "ተስማምተናል" ሁለተኛዋ ወረቀት ነበረች።

አቶ ኡቻን ገቡ፤ ያ ሁሉ ሳቅ ፊታቸው ላይ ነበር። ስለ ሦስቱ ሳህኖች እያወሩ አቃፊውን ከፈቱ። የላይኛዋን ፈረሙ። ብዕሩን አንስተው ወደ ሁለተኛዋ ሲሄዱ ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ፤ ለስብሰባ ይፈለጋሉ። ብዕራቸውን ኪሳቸው ከተቱና ሄዱ። በአንድ ወረቀት ውፍረት ቀረሁ።

እኔ ግን ይህን አላየሁም፤ የዚያን ዕለት የመስክ ተራ የእኔ ነበር። ማንጎው ሥር ተቀምጬ ሳለሁ ከጎረቤት ቢሮ አንዱ መጥቶ "እንኳን ደስ ያለህ!" አለኝ። በቃ፣ ተፈረመ ማለት ነው! ተነስቼ ሳምኩት። ገበያ መሃል ዓሣ የምትሸጠዋም ሴት ደስታዋን ገለጸችልኝ፤ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬም ከመስኮቱ ብቅ ብሎ እጁን አውለበለበልኝ። ለሁሉም "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ብዙ ለፋሁበት" አልኳቸው። "ኧረ ለፍተሃል፣ አርባ አንድ እኮ ነው!" ሲለኝ ነው አንዱ መጠርጠር የጀመርኩት። ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው የሄድኩት በእግሬ ይሁን በምን አላስታውስም። ማኅተሙ ገና አልደረቀም ነበር።

ከሰዓት በኋላ አቶ ኡቻን ተመለሱ። ስብሰባው ላይ የየቢሮው ኃላፊዎች በየተራ "አይዞህ፣ በሚቀጥለው ትበረታለህ" እያሉ ሲያጽናኗቸው ነው የዋሉት። ኛማልንና እኔን አስጠሩን።

"ኛማል፣ እኔ ስንተኛ ነኝ?"

"ሰባተኛ።"

"ከስንት?"

"ከሰባት።"

"እንዲህ ጻፊ ያለሽ ማነው?"

ኛማል ዞራ በጣቷ ግድግዳውን አሳየች። አቶ ኡቻን ተነስተው አነበቡት። ፊርማውንም አነበቡት።

"ይሄን ጨዋታ እኔ አላየሁም" አለች ኛማል። "ያነሰ እንደሚያሸንፍ ማን ነገረኝ? አንተ ነገርከኝ? እሱ ነገረኝ? እሱ አትጠይቂ ነው ያለኝ።"

"አስናቀ" አሉኝ አቶ ኡቻን፣ "ቅዳሜ ማን አሸነፈ?"

"እርስዎ።"

"ወረቀቱ ማን አሸነፈ ይላል?"

"እኔ።"

"ወረቀቱን ማን ፈረመ?"

"ማስተካከያ እንጻፍ" አልኩ በቀጭን ድምፅ።

"ምን ብለን?" አሉ። "'ሰባተኛ የወጣው ኃላፊ ቆይቶ ሲያስበው አንደኛ ሆኖ ስለተገኘ' ብለን? ሳህን የማያውቅ ሰው፣ አሥራ ዘጠኝ ከአርባ አንድ ይበልጣል ብለው ምን ይለኛል? ተሸንፎ ውጤት አስቀየረ ነው የሚለኝ። ተወው፣ ሰባተኛ ነኝ።"

ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና መነጽራቸውን አወጡ። መነጽር እንዳላቸው እንኳ አላውቅም ነበር። "ከዛሬ ጀምሮ ሳላነብ አልፈርምም" ብለው አቃፊውን ሳቡት። የመጀመሪያዋ ወረቀት የእኔዋ ናት። እንደ አስተማሪ፣ ቃል በቃል፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቧት።

"ልትሄድ ነው?"

ስለ ማሕሌት ነገርኳቸው። ስለ ጥርሱም፣ ስለ ዳዴውም፣ ስለ መሐላዬም። እንዳዘኑልኝ አየሁ። ግን መነጽራቸውን አጠፉ።

"ዛሬ ይሄን ብፈርም ነገ ከተማው ምን ይላል? 'አስናቀ አሸነፈው፣ ኡቻን አባረረው' ይላል። አልፈርምም።"

"እስከ መቼ?"

"በወረቀት እስካሸንፍህ።"

"በሚቀጥለው ቅዳሜ ያሸንፉኛ!"

"ውድድር በሩብ ዓመት አንዴ ነው። ዕቅዱን ያወጣኸው አንተ ነህ።"

እውነታቸውን ነው። ዕቅዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከቢሮ ወጥቼ ባሮ ድልድይ ላይ ቆምኩና ውኃውን አየሁት። አላለቀስኩም ብል መዋሸት ነው። ከሁሉም የከነከነኝ ደግሞ ማንም አለመበደሉ ነው፤ ኛማል የታዘዘችውን ሠራች፣ አቶ ኡቻን ስማቸውን ጠበቁ፤ ልጄን ያስቀረብኝ የራሴ እጅ ጽሑፍ ነው።

ይባስ ብሎ በሻምፒዮንነቴ "ልምድህን ለወረዳዎች አካፍል" ተብዬ ኢታንግና ጎግ ተላክሁ። ኢታንግ ላይ ሕዝብ ተሰብስቦ "እስኪ አሳየን" ሲለኝ ወርውሬ ፍየል መታሁ። "ይህ ሦስተኛው ዘዴ ነው" ብዬ አለፍኩት፤ ሰዎቹም ጻፉት።

ለትርንጎ ሁሉንም ዘርዝሬ ጻፍኩላት። መልሷ አጭር ነበር፦ "ተሸንፌያለሁ ትላለህ፤ አሸንፈሃል ብለው ከለከሉኝ ትላለህ። ከዚህ ሁሉ የገባኝ አትመጣም የሚለው ብቻ ነው። ልጅቷ ወንበር ይዛ መቆም ጀምራለች፤ ወንበሩን እስክትለቅ ቁጭ ብለን አንጠብቅህም። ትምህርት ሲዘጋ እንመጣለን።"

በክረምቱ መግቢያ መጡ፤ በጭቃው ቀኑ ሙሉ ሲንሸራተት የዋለ አውቶቡስ ከጎሬ ቁልቁለቱን አወረዳቸው። ትርንጎ ከወረደች በኋላ የመጀመሪያ ንግግሯ "ይህ ሙቀት ሰው አለበት?" የሚል ነበር። ማሕሌት አላወቀችኝም። እጄን ስዘረጋላት ፊቷን እናቷ አንገት ሥር ደበቀች። ጥፋተኛው እኔ ነኝና ተቀበልኩት፤ ግለ ሂስም አካሄድኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

የሩብ ዓመቱ ውድድር ቀን ባሮ ሞልቶ ነበር። ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ያሉት ቅርጫቶች ውኃ ውስጥ ቆመው ሰንሰለታቸው ብቻ ይታያል፤ ቀድሞውንም አጭር የነበረው ሜዳ ሦስት ቅርጫት ሆኗል። ኛማል የመዝሙር ልምምዷን ትታ እርሳስና ደብተር ይዛ መጣች፤ "አሁን በዓይኔ አይቼ ነው የምጽፈው" አለች። እሷና ትርንጎ ሦስተኛው ቅርጫት አጠገብ ካለው ኒም ሥር ሰሌን ላይ ተቀመጡ፤ ማሕሌት በመካከላቸው።

አቶ ኡቻን ሦስቱን ቅርጫት በሰባት ውርወራ ጨረሱ። ለእኔ የመጨረሻዋ ቀረችኝ። ሆን ብዬ ልሳት፣ አልሳት ብዬ እንኳ አላሰብኩም፤ ከቅርጫቱ አጠገብ ጭቃ ላይ ቆሜ ቢጫዋን ሳህን ጠርጌ እጄን ሳነሳ፣ ትርንጎ "አስናቀ!" ስትል ሰማሁ። ዞርኩ።

ማሕሌት የኛማልን ጉልበት ይዛ ቆማለች። ዓይኗ ቢጫዋ ሳህን ላይ ነው። ጉልበቱን ለቀቀች።

"አንድ" አለች ኛማል።

ልጄ እጆቿን እንደ ክንፍ ዘርግታ፣ ሆዷን አስቀድማ መጣች። "ሁለት። ሦስት።" አቶ ኡቻን፣ ያ ሁሉ ቁመት፣ ጭቃው ላይ ተንበርክከው ብትወድቅ ሊይዟት እጃቸውን ዘረጉ። "አራት። አምስት።" ተንገዳገደች፤ ንብረት ክፍሉ "በስመ አብ!" አለ። "ስድስት።" እኔ እንደተተከለ ቧንቧ ቆሜያለሁ። "ሰባት!" ሳህኗን በሁለት እጇ ያዘችና እግሬ ሥር ቁጭ አለች። ጠርዟንም አፏ ውስጥ ከተተች።

አነሳኋት። አሁን ፊቷን አልደበቀችም፤ ሳህኗን ይዛለችና ሌላ የሚያሳስባት ነገር አልነበረም። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ስድስት ሠራተኛና አንድ ኃላፊ እያዩኝ። የመጨረሻ ውርወራዬን አልወረወርኩም፤ ሳህኗን ልቀበላት ብሞክር ባሮ ማዶ ድረስ የሚሰማ ጩኸት ለቀቀች።

ኛማል እርሳሷን ምራቅ ነካ አድርጋ ወደ ደብተሯ አጎነበሰች። "ኡቻን ሰባት፣ ልጅቷ ሰባት" አለች። "የሷ ከትልቁ ነው ከትንሹ?"

"የሷ ከትልቁ ነው" አለች ትርንጎ።

ሰኞ ማስታወቂያው ወጣ። "1ኛ ሕፃን ማሕሌት አስናቀ፣ 7 እርምጃ። 2ኛ አቶ ኡቻን፣ 7 ውርወራ።" ከሁሉም በታች "አቶ አስናቀ፣ አልጨረሰም።" አቶ ኡቻን መነጽራቸውን አድርገው ሦስት ጊዜ አንብበው ፈረሙ። ቀጥለው የእኔን "ተስማምተናል" አወጡ፤ እሷንም አንብበው ፈረሙ፤ ማኅተሙን ራሳቸው መቱ። "ይኸው በወረቀት ተሸንፈሃል" አሉኝ። "አሁን መሄድ ትችላለህ።"

ወረቀቷን እየበረርኩ ለትርንጎ አደረስኩላት። ትርንጎ በረንዳው ላይ በካርቶን እያራገበች ተቀምጣ ነበር። ማሕሌት ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ትንገዳገዳለች፤ ካልተሸከምኩሽ ስላት ትቆጣለች። ትርንጎ ወረቀቷን አነበበች፣ አጠፈች፣ ልጅቷን አየቻት። "አሁን ገና መሬቱን ስትለምደው ወስደን ዳገት ላይ ልናቆማት ነው?" አለች። "መሮጥ እስክትለምድ እንቆይ።" መስከረም ላይ እሷም እዚሁ ማስተማር ጀመረች።

ማሕሌት ዛሬ አራተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤት የምትሄደው በሩጫ ነው፤ በአኝዋክኛም በኑዌርኛም የሚጠሯት ጓደኞቿ አይደርሱባትም። ወረቀቷ ከነማኅተሟ ሳጥን ውስጥ አለች። ትርንጎ ግን ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ቆማ ልጇ ጥጉን እስክትታጠፍ ታያትና፣ "ገና ናት፤ ቀኝ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች" ትላለች። እኔም የዕቅድ ባለሙያ ነኝና ጉዳዩን ወደሚቀጥለው ሩብ ዓመት አሸጋግረዋለሁ።